ግማሹን የተረጎመ ሰው

ደባልቄ ልብስ ሰፊ ነው። በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ፣ ኋላ ከሰፈራው መንደር ወጥቶ፣ አሶሳ ውስጥ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር የስፌት መኪናውን ተከለ። የበርታ ሽማግሌዎች ጀለቢያቸውን የሚያሰፉት እሱ ዘንድ ነው፤ ቋንቋቸውንም ከእነሱው ለቀም ለቀም አድርጎ ተማረ። ታዲያ ክልሉ ገና በተቋቋመበት፣ የየቢሮው ታፔላ ቀለሙ ሳይደርቅ በነበረበት ጊዜ፣ ከመንግሥት ቤት ሰው በመጣ ቁጥር ሰፈሩ "ደባልቄን ጥሩ" ይላል። ደባልቄም መቀሱን አስቀምጦ፣ ኮሌታውን አስተካክሎ ይወጣል። ተከበረ። ክብሩም ደስ አለው፤ ያለ እሱ አንድ ቃል የማያልፍ መሰለው።

ከመንገዱ ማዶ፣ ከሱቁ ፊት ለፊት ሼህ ማህጁብ አሉ። ከቀርከሃ አጥራቸው ውጪ፣ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ማንጎ ተክለዋል። ሰደቃ ነው፤ መንገደኛ ይረፍበት፣ የሰው ልጅ ይብላው ብለው የሰጡት። በሰፈሩ ልማድ ደግሞ ለሰደቃ የሰጡትን ዛፍ "የኔ ነው" ማለት የተፉትን ምራቅ መልሶ እንደ መዋጥ ነው። ደባልቄ ይህን ያውቃል። እንዴት አያውቅ? ወባ አጎሳቁሎት ከሚስቱ ከአሰለፈች ጋር ከሰፈራው መንደር ሲወጣ መጀመሪያ የተጋደመው እዚያ ጥላ ሥር ነው። የማሽላ ገንፎ በባምያ ወጥ ያቀረቡለትም ሼህ ማህጁብ ናቸው።

መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለ። ምንያህል የሚባል መሐንዲስ ከሌላ አገር ተመድቦ መጣና ሰፈሩን በመንገዱ መሀል አቆመው።

"ሁለቱንም ወገን አናፈርስም" አለ። "ክርክር የሌለበትን አንዱን ወገን እንወስዳለን። በል ደባልቄ፣ ማንጎው ያለበት ቦታ የማን እንደሆነ ጠይቅልኝ።"

ደባልቄ ጠየቀ። ሼህ ማህጁብ በበርታ ቋንቋ ረጋ ብለው መለሱ፦ "ዛፉ ሰደቃ ነው፤ የኔ ነው አልልም። መሬቱ ግን የአባቴ ነው። ከአጥሩ ጀርባ ቤቴ አለ፤ የሞቱብኝም እዚያው ናቸው የተቀበሩት።"

ደባልቄ ዞር ብሎ ሱቁን አየ። ቆርቆሮው አዲስ ነበር።

"'የኔ ነው አልልም' ነው የሚሉት" አለ።

"ሌላስ?"

"ይኸው ነው።"

ልብ በሉ፣ አልዋሸም። እኔን የሚያንገበግበኝ እንዲህ ያለው ሰው ነው። ውሸታም አንድ ቀን ይያዛል፤ እውነትን ቆርሶ ግማሹን ኪሱ የሚከት ግን ማን ይይዘዋል? ድሃ የሚነቀለው ሁልጊዜ በግሬደር ብቻ አይደለም፤ ቋንቋ የሚያውቅ ጎረቤት አፉን ሲዘጋም ይነቀላል።

ማታ አሰለፈች "እንዴት ሆነ?" አለችው።

"የኛ ወገን ተረፈ።"

"የማንስ ሄደ?"

ደባልቄ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

"የበላንበት ጥላ ነው የሄደው በለኛ። እኔ ነገ የሼኹን ቤት ሰዎች በየትኛው ዓይኔ ልያቸው?" ብላ እራቱን ከፊቱ አስቀምጣለት ወጣች። አልበላም።

በማግስቱ ደባልቄ መሐንዲሱ ችካል ወደሚያስተክልበት ሄደ።

"ስለዚያ ማንጎ ጉዳይ..." ብሎ ጀመረ።

"ሰውየው የኔ አይደለም አላሉም እንዴ?"

"ብለዋል።"

"ታዲያ ምን ቀረ?"

የቀረውማ ብዙ ነበር። አፉ ውስጥ ነበር። ሱቁ ግን ከመንገዱ ማዶ ይታየዋል፤ ያችን አዲስ ቆርቆሮ ፀሐይ መትቷታል። "እንዲያው ለመጠየቅ ነው" ብሎ ተመለሰ። የትናንቱ ዝምታ የድንጋጤ ነበር ይባል፤ የዛሬው ግን አስቦበት ነው።

ማንጎው ተቆረጠ። ለሼህ ማህጁብ ከሰፈሩ ጀርባ ምትክ ቦታ ተሰጣቸው። ቤት ሲዛወር የሣር ክዳኑ አይፈርስም፤ ወንዶች ከሥሩ ገብተው እንዳለ ያነሱታል። ሰፈሩ ተጠራ። ደባልቄም መቅረት አልቻለም፣ መጣ።

የሼኹ የወንድም ልጅ ሱለይማን ሲያየው ሳቀ። "ልብስ ሰፊው፣ ና እንጂ! አንተ ልክ መውሰድ ታውቅበታለህ፣ ጫፉን ያዝ።" ሰው ሁሉ ሳቀ። ደባልቄ ሊስቅ ሞከረና ከንፈሩ እምቢ አለው።

ሼህ ማህጁብ ከጎኑ ቆሙ። ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለም።

"ሼኽ፣ ያን ቀን እኮ ያሉትን ሁሉ አልነገርኩም" አለ በሹክሹክታ፣ በእሳቸው ቋንቋ።

እሳቸው በአማርኛ መለሱለት። "ደባልቄ፣ እኔ አማርኛ መናገር ነው ችግር። ጆሮ ግን ይሰማል። ቀሪውን አሁን ይላል፣ አሁን ይላል ብዬ ጠበቅኩ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ? በምልክትም ቢሆን..."

"ሰው ፊት ጎረቤት ማዋረድ? ነውር ነው" አሉ። "ነገ ጠዋት ትመጣ ይሆን ብዬም ጠበቅኩ። ሄድክ አሉኝ፣ መሐንዲስ ጋ። ደስ አለኝ። ከዚያ ችካል መጣ።"

ደባልቄን ይቅርታ የሚለው ቃል በሁለቱም ቋንቋ ጠፋው፤ ቋንቋ አዋቂውን።

"ያዝ" አሉት ሼህ ማህጁብ። "ይነሳል አሁን።"

ሱለይማን ድምፁን ከፍ አድርጎ አስነሳ፤ ክዳኑ ከግድግዳው ተላቆ ሰዎቹ አናት ላይ አረፈ። ሣሩ እስከ ወገባቸው ወርዶ ሸፈናቸው፤ ከውጭ ለቆመ ሰው የሚታየው እግር ብቻ ነበር። ደባልቄ ፊቱን የሚያይ ስለሌለ እንባውን ለቀቀው። አዲሱ ቦታ ሩቅ በሆነ ብሎ ተመኘ፤ ሩቅ አልነበረም። "አውርድ!" የሚል ድምፅ ሲሰማ ሌሎቹ ክዳኑን ወደ መሬት ዝቅ አድርገው ቶሎ ቶሎ ሾልከው ወጡ። እሱ ብቻ እዚያው ከሥር ቀረ፤ ሱለይማን "ማነው የቀረው?" እያለ እስኪጎነበስ ድረስ።