አክስሉ የገባ ዕለት

ባለቤቴ ያቺን አሮጌ መኪና በተጎታች ጭኖ ዌስተርቪል ወዳለው ቤታችን ያመጣት ቀን፣ ጣውንት እንደመጣብኝ ገባኝ። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ሞተሯ ሲነሳ የሳሎኑን መስኮት ታንቀጠቅጠዋለች። አሜሪካኖቹ ማስል ካር የሚሏት፣ ጉልበተኛ ሞተር ያላት የድሮ መኪና ናት። ሰውዬው ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ሲሠራ ውሎ ይመጣና ልብሱን ቀይሮ ቀጥታ ጋራዥ ይገባል። ከሥራ ያመጣውን ትልቅ ካርቶን መሬት ላይ ዘርግቶ ከሥሯ ይተኛል።

"አንተ ሰውዬ፣ ከሷ ሥር ውጣና ራትህን ብላ!" ስለው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ደስ ሲለው ደግሞ፣ "ነይ እዚህ ተኚና ላሳይሽ፤ ካርቶኑ ለሁለት ይበቃል" ይለኛል።

"በዚህ ቀሚስ? ጨርሶ አበድክ!" እለውና በሩን ዘግቼበት እመለሳለሁ። እየሳቅኩ ነው ታዲያ።

በፈረንጆቹ 2020 መገባደጃ ላይ፣ በዚያ በኮሮናው ጊዜ፣ የመኪናዋ የኋላ አክስል፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚሸከመው ብረት፣ ይጮህ ጀመር። ሌላ ከጃንክያርድ፣ ከአሮጌ መኪኖች ማከማቻ፣ ፈልጎ አመጣና የድሮውን ፈታ። መኪናዋ ኋላዋ በብረት መደገፊያ ላይ ተሰቅሎ፣ የኋላ ጎማዎቿ ግድግዳ ተደግፈው፣ የመጣው አክስል አጠገቧ ተጋድሞ ቆየ። ቅዳሜ ሊገጥመው አስቦ ሐሙስ ትኩሳት ያዘው።

ሆስፒታሉ በር ላይ አወረድኩት፤ አብሬው መግባት አልተፈቀደልኝም። "አክስሉን ማንም እንዳይነካብኝ፤ ስወጣ እኔው እገጥመዋለሁ" አለኝ ማስኩን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ በኋላ በስልክ የሰማሁት ትንፋሹን ብቻ ነው። አልወጣም።

ለቀብሩ ጥቂት ሰው ብቻ ተፈቀደ። ለቅሶው ግን እንዴት ይቅር? የእድራችን ሰብሳቢ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ "ልጄ፣ ቤት ውስጥ ከተሰበሰብን ይሄ በሽታ ይፈጀናል። ጋራዡን ከፍተን እዚያ እንቀመጥ" አሉኝ። ጋራዡ ውስጥ ደግሞ ጣውንቴ ተንሰራፍታለች። ያለ ጎማ አትገፋ ነገር።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም አጠገባችን ካለችው ከተማ ከሉዊስ ሴንተር መጥቶ ነበርና ጎንበስ ብሎ ሥሯን አየ። "እትዬ፣ አክስሉ ካልገባ ሙቭ አናደርጋትም" አለኝ።

"አይነካም!" ብዬ ጮህኩበት። "እኔው እገጥመዋለሁ ብሏል!"

የምናገረው የጤነኛ ሰው ነገር እንዳልሆነ አላጣሁትም። ግን መኪናዋ እንደተሰቀለች እስካለች ድረስ፣ የጀመረውን ሊጨርስ የሚመለስ ባል ነበረኝ። ያንን ከእጄ ሊወስዱብኝ መሰለኝ።

ጋሼ ቀረብ አሉና፣ "ፊቱን ሳናይ ቀበርነው፣ ልጄ። ቁጭ ብለን እንኳ እናልቅስለት" አሉኝ። ወደ ደጅ አየሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ እጃቸውን ኪስ ከተው፣ በዚያ በኅዳር ብርድ ተራርቀው ቆመውልኛል። አንጀቴን በሉት። እሺ አልኩ።

ወንዶቹ ጥቁር ካፖርታቸውን አውልቀው ገቡ። አክስሉን ተጋግዘው ከሥሯ አስገቡት፤ በክሪክ ከፍ አድርገው ከባሌስትራዎቹ ጋር በብሎን አሰሩት። ጎማዎቹን መለሱ። ታናሽ ወንድሙ የመጨረሻውን ብሎን ሲያጠብቅ ቁልፉን ጣለና ጎማውን አቅፎ "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያለ ተንሰቀሰቀ። እኔ ግን እንባ እምቢ አለኝ። መኪናዋ ቀስ ብላ ወርዳ ጎማዋ መሬት ሲነካ፣ በቃ አይመለስም አልኩ በሆዴ።

ፍሬኗ ገና ስላልተያያዘ ዙሪያዋን በእጃቸው ይዘው፣ ዝግ ብለው ወደ ደጅ አወጧት። የሬሳ ሳጥኑን ለመሸከም ያልተፈቀደላቸው ሰዎች ናቸው።

ባዶው ጋራዥ መሃል ላይ ካርቶኑ ቀረ። ዘይት ጠጥቷል፤ ትከሻው የሚያርፍበት ቦታ ጠቁሯል። አንዱ ሊጥለው ጎንበስ ሲል "ተወው" አልኩ። ሴቶቹ ለለቅሶው የምቀመጥበትን ፍራሽ ይዘውልኝ መጡ፤ እሱንም አልፈልግም አልኩ። በጥቁር ቀሚሴ ካርቶኑ ላይ፣ እሱ ከሚተኛበት ጎን ተቀመጥኩ። ያኔ እንባዬ መጣ።

እውነቱን ነበር። ለሁለት ይበቃል።