የዓፊያ ወላሂ

ዓፊያ ከሚሴ ውስጥ በሁለት ነገር ትታወቃለች፤ በሳቋና በወላሂዋ። ሳቋ ሦስተኛው ቤት ድረስ ይሰማል። ወላሂዋ ግን እንደኛ እንደሌሎቻችን አፍ ማሟሻ አይደለም፤ ካልጨነቃት አትምልም። ጨፋ ሮቢት ተወልዳ፣ ከሚሴ ተድራ፣ ሰንበቴ ገበያ ዓመታት ቅቤ ስትሸጥ ኖራለች። የቅቤ ተራ ሰው ሲምል እንደሚውል ደግሞ የማያውቅ የለም። እሷ ግን “ቅመሺው፣ ካልጣመሽ ተይው” ትላለች እንጂ አላህን ለቅቤ ምስክር አትጠራም ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን የማለች እንደሆነ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ዓፊያ ካለች አለች።

ጉልበቷ ሰንበቴ መመላለሱን እምቢ ሲላት ነው በር ጠባቂ የሆነችው። ዓብዱልመጂድ የሚባል ነጋዴ ከከተማው መውጫ ላይ የልጆች መዝናኛ ከፈተ፤ ሸርተቴ፣ የሚሽከረከር ወንበር፣ ገንዳ፣ ምን የቀረው አለ። በትልቅ ሰሌዳ የሚያምር ስም ጽፎ ሰቀለ። ማን ያነብለታል! ሰዉ “ዥዋዥዌ ቤት” አለው፣ በዚያው ቀረ። ዓፊያ በሴቶች በር ተቀጠረች። ባሏ ሙሀመድኑር ወገቡን አሞት ሚኒባስ መንዳት ከተወ ወዲህ ቤቱ የቆመው በእሷ ነው፤ እንጀራዋ እዚያ በር ላይ ነበር ማለት ነው።

መጀመሪያ መግቢያው የወረቀት ትኬት ነበር። ያ ደግሞ ከሚሴ ላይ አልሠራም። ለምን ቢሉ፣ ሰው ሁሉ ለሶላት ይወጣል፤ ከሶላት ሲመለስ ትኬቱ በእህቱ፣ በአክስቱ ልጅ፣ በጎረቤቱ እጅ ሆኖ ይገባል። በአንድ ትኬት ቤተዘመድ ሲገባ ዓይናችን አይቷል። በዒድ ደግሞ በሩ ላይ ግፊያው በረታና አንዲት ሕፃን ልትረገጥ ለጥቂት ተረፈች። ሕፃኗን ያን ቀን ከሰው እግር ሥር ያነሳት ዓብዱልመጂድ ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ፊት የሚለይ ካሜራ ያስገጠመው።

ነገሩ ቀላል ነው። የከፈለ ሰው ካሜራው ፊት ይቆማል፣ ካሜራው ፊቱን ይይዛል፤ ለሶላት ወጥቶ ሲመለስ አይቶ በሩን ይከፍትለታል። ውስጡ ሲሞላ ቀይ መብራት ያበራና ማንንም አያስገባም። የገጠመው ጀሚል የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ትሑት፣ ሥራውን የሚያውቅ ልጅ። ሆኖም አንድ ነገር አልገመተም፤ የእኛን ሰላምታ። የከሚሴ ሰው ከኋላው የቆመውን ሳይጠይቅ በር አያልፍም። “አሰላሙ አለይኩም፣ አካም ቡልቴ፣ ከብቱ ደህና፣ ልጆቹ ደህና፣ እናትየው ተሻላት?” እያለ ዘወር ሲል ካሜራው የሚያየው ማጅራቱን ነው። ማጅራት ደግሞ አያውቅም። ከዚያ “አንተ ቅደም”፣ “ወላሂ አልቀድምህም” ይመጣል፤ በሩ ይከፈታል፣ የሚገባ የለም፣ ይዘጋል። ጀሚል ሳምንቱን ሙሉ “ሰላምታችሁን ውጭ ጨርሱ” ሲል ከረመ። ጨርሰው ይመጡና በሩ ላይ ደግሞ ከአዲስ ይጀምራሉ።

የወንዶቹ እንዲህ በሳቅ አለፈ። የሴቶቹ ግን ሌላ ነበር። ኒቃብ የለበሰች ሴት ለካሜራ ምኗን ታሳየው? ዓብዱልመጂድ በሴቶቹ በር መጋረጃ አሰርቶ ካሜራውን ከውስጥ አስገባው፤ ዓፊያም እዚያው እንድትቆም ሆነ። ሴቶቹ ግን መጋረጃው አላረካቸውም። ፊታችንን ከያዘ በኋላ የት ያደርሰዋል ብለው ጠየቁ። እውነታቸውን ነው። ዓፊያ ለዓብዱልመጂድ ወስዳ ጠየቀችው፤ እሱም ሒሳብ እየሠራ ቀና ሳይል፣ የሚያየው ማሽኑ ነው፣ ሰው ምን ሥራ አለው አላት። እሷም አመነች። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ዓፊያ በዕድሜዋ ያልሠራችውን የሠራችው፤ ቅቤዋን እንኳ ሳታስቀምስ የማትሸጥ ሴት፣ ያላየችውን ነገር አይታ እንደመጣች አድርጋ ተቀበለች።

በተከታዩ ዒድ ከሶላት በኋላ ሰልፉ አስፋልቱን ተሻገረ፤ ባጃጆች መውጫ አጡ። ከሴቶቹ ግን ወደ መጋረጃው የሚጠጋ ጠፋ። ሁሉም የሚያየው ሀዲጃን ነው። ሀዲጃ የዓፊያ የግድግዳ ጎረቤት ናት፤ ከተዳረች ጀምሮ ፊቷን ባዕድ ወንድ አይቶት አያውቅም። የልጅ ልጆቿ ግን ረመዳኑን ሙሉ ዥዋዥዌ፣ ዥዋዥዌ ሲሉ ከርመው እጇን ይዘው ይጎትቷታል። ወደ ዓፊያ ጠጋ አለች።

“ዓፊያ እቴ፣ ባንቺ ነው የምገባው። እውነት ወንድ አያየውም?”

“ወላሂ አያየውም።”

ሀዲጃ ገለጠች። ካሜራው ያዛት፣ በሩ ተከፈተ። ከኋላ ያሉት ሀዲጃ መግባቷን ሲያዩ፣ ዓፊያም መማሏን ሲሰሙ፣ ተራ በተራ እየገለጡ ገቡ። ዓፊያም ደስ አላት፤ ግፊያ የለ፣ ጩኸት የለ፣ ሰልፉ እንደ ውሃ ይፈሳል።

ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ አንድ ሕፃን እናቱን አጥቶ ሲያለቅስ ተገኘ። ጀሚል ዓፊያን አስጠራት፤ የገቡትን ፊት አይተሽ እናቱን ታውቂያት እንደሆነ ብሎ። ዓፊያ ቢሮው ውስጥ ገብታ አታውቅም ነበር። ገባች። ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሏል፤ በስክሪኑ ላይ ሴቶቹ ሁሉ፣ ፊታቸው እንደተገለጠ፣ በረድፍ በረድፍ። የሀዲጃ ፊት ከላይ ነው፤ ፀጉሯ ከግንባሯ በላይ ትንሽ ወጥቷል። ከስክሪኑ ፊት ለፊት ጀሚል፣ ሁለት ዘበኞችና የገንዳውን ሞተር ሊጠግን የመጣ ሰው ተቀምጠው ዳቦ በሻይ ይበላሉ። አንዳቸውም በክፉ አላዩም፤ አንደኛው እንዲያውም ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። ዓፊያ ግን የሕፃኑን እናት በጣቷ አሳይታ ዓብዱልመጂድን ፍለጋ ወጣች።

ዓብዱልመጂድን ከሸርተቴው አጠገብ አገኘችው። ስክሪኑን ያጥፋው፣ አለዚያም ሴት ያስቀምጥበት አለችው። እሱም አልተቆጣም። ስክሪኑ ከጠፋ ቆጠራውም አብሮ ስለሚጠፋ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ እንደማያውቅ፣ በሩ ላይ የባለፈው ዓይነት ግፊያ ከተነሳ የሰው ነፍስ በእጁ እንደሚጠፋ ነገራት። ይህም ሐሰት አይደለም። ዒዱ ይለፍ፣ ያኔ አስተካክላለሁ አለ።

“እስከዚያ ዝም በይ” አላት። “ካላወቁ ምን ይጎዳቸዋል?”

ዓፊያ ወደ በሩ ስትመለስ በልቧ ያሰበችውን በኋላ ለማንም አልደበቀችም፤ ዝም ማለትን አስባ ነበር። የሙሀመድኑርን መድኃኒት አሰበች፣ ሰንበቴን አሰበች፣ ጉልበቷን አሰበች። ማንም አላወቀ፣ ማንም አይጠይቃት። መጋረጃውን ገልጣ ገባች። አንዲት ከጨፋ የመጣች ሙሽራ ተራዋ ደርሶ እጇን ወደ ኒቃቧ አንስታለች።

“ቆይ፣ አትግለጪ” አለቻት።

ከዚያ ወጥታ ሰልፉ ፊት ቆመች። ያ ሦስተኛው ቤት ድረስ የሚሰማው ድምፅዋ እዚያ ጠቀማት።

“ወላሂ ብዬአችሁ ነበር። ሳላይ ነው የማልኩት። እዚያ ውስጥ ወንዶች ተቀምጠው ያዩታል። አውፍ በሉኝ።”

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰልፉ ተበተነ። አንዳንዷ ሰደበቻት፣ አንዳንዷ ልጇን እየጎተተች ወደ ባጃጅ ሄደች፤ ጥቂቶች ደግሞ ልጄ ከሚያለቅስብኝ ይዩኝ ብለው ገቡ። ዓፊያ በሯን ትታ ሀዲጃን ፍለጋ ወደ ውስጥ ሮጠች። ከሌላ አፍ እንዳትሰማው ፈርታ ነው፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሀዲጃ ዥዋዥዌው ጋ ቆማ የልጅ ልጇን ትገፋለች። ዓፊያ እያለከለከች ነገረቻት። ሀዲጃ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እነማን ነበሩ አለቻት። ነገረቻት። ሞተር ጠጋኙ የሀዲጃ ባል የአጎት ልጅ ኖሯል። ሀዲጃ ልጆቹን ከዥዋዥዌው አወረደችና ይዛቸው ወጣች።

ዓብዱልመጂድ ያባርራታል ብለን ስንጠብቅ፣ ዋለ አደረና ሌላ ነገር ሠራ። የዒዱ ማግስት የሴቶቹ በር ጭር ብሎ ሲውልበት፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው መሆኑ ገባው መሰለኝ። የሴቶቹን ስክሪን ከቢሮ አስነቅሎ መጋረጃው ውስጥ አስተከለው፤ የሚያየውም ሴት ብቻ እንዲሆን አደረገ። ጀሚል ያን ቀን የተያዙትን ፊቶች በሙሉ ዓፊያ ዓይኗ እያየ አጠፋቸው። ዓፊያም ሸኹ ዘንድ ሄዳ ስለ መሐላዋ ጠየቀች። አውቀሽ አልዋሸሽም፣ ማካካሻ የለብሽም አሏት። ቢሆንም ጾመች። ሴቶቹም ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ አሁን ዓፊያ አይታ ስለምትናገር ይሻላል የሚሉም አሉ።

ሀዲጃ ግን ሳምንት ከርማ ነው የመጣችው፤ ወደ መዝናኛው ሳይሆን ወደ ዓፊያ ቤት። ሙሀመድኑር መስጊድ ነው። ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሀዲጃ ገና ስትቀመጥ ዓፊያ “አውፍ በይኝ፣ ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ” አለቻት።

“አውፍ ብያለሁ፤ ከልቤ” አለች ሀዲጃ፣ እጇንም ያዘቻት።

ከዚያ ወግ ጀመሩ። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ልጅ ልጆቿ ሳል። ከሚሴ በዚያ ሰዓት ቆርቆሮው ይነድዳል። ሀዲጃ ኒቃቧን አላነሳችም። ዓፊያ መጀመሪያ የረሳች መሰላት።

“ወንድ የለም እኮ፣ ግለጪው። ይሞቅሻል።”

የሀዲጃ እጅ ወደ ኒቃቧ ጫፍ ሄደ፤ ያዘችው፣ ጥቂት ቆየች፣ ለቀቀችው።

“ባንቺ ቅር ብሎኝ አይደለም” አለቻት። “እጄ ነው እምቢ ያለኝ።”

ዓፊያ አሁንም ሳላይ ተናግሬ እንደሆነ ብላ ተነስታ በሩ መዘጋቱን አየች። ተዘግቷል።