የአማቴ ጋቢና የሞተሩ መጋዝ

ፈሪ ነኝ። ዛሬ ሸምግያለሁ፣ የሚታዘበኝም የለም፣ ስለዚህ እናገረዋለሁ። በጣሊያን ጊዜ ስንቱ እኩያዬ ዱር ገብቶ ሲዋጋ፣ እኔ ደብረ ታቦር ላይ ግንድ ስሰነጥቅ ነበር። ከጣሊያን ጠመንጃ ይልቅ የምፈራው ደግሞ የያዝኩትን መጋዝ ነበር። የእጁን እንዳይመስላችሁ፤ በቤንዚን የሚሠራውን ነው።

የእጁን መጋዝማ ከአማቴ ጋር ስስበው ነው ጎልማሳ የሆንኩት። አማቴ የምላቸው የሚስቴን አባት ነው፤ በአካባቢው የታወቁ ጣውላ ሰንጣቂ ነበሩ። እሳቸው በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ሆነን ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል ሳንነጋገር ጽድ እንሰነጥቃለን። ሲስቡ እለቃለሁ፣ ስስብ ይለቃሉ። ልጃቸውን የሰጡኝ ዝምታዬን ወደው ነው ይባላል። ካገባኋት በኋላማ ብሶብኝ ቁጭ አለ። አማቱ ፊት የቆመ ሰው ምን አፍ አለው? ሲገቡ ብድግ እላለሁ፣ ከጠየቁኝ እመልሳለሁ፣ ቀና ብዬ ዓይናቸውን አላይም። በቃ፣ ይኸው ነበር ወጋችን።

ከዚያ ያ ጉድ መጣ። ጣሊያኖቹ ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ላይ ለድልድይ የሚሆን ግንድ ፈለጉና ሰንጣቂ የተባለውን ሁሉ ሰብስበው ወሰዱን። እምቢ ብለን ወዴት እንሂድ? መጋዙን ያመጣው ፊቱ በፀሐይ የተቃጠለ መካኒክ ነበር፤ አስተርጓሚ ከጎኑ አይለይም። ዕቃው ለሁለት ሰው የሚከብድ ነው። በአንድ በኩል ሞተሩ አለ። ከሞተሩ ቁመቴን የሚያህል ጠፍጣፋ ብረት ይወጣል፤ በብረቱ ዙሪያ ጥርስ ያለው ሰንሰለት ይሮጣል። በወዲያኛው ጫፍ ደግሞ ሁለተኛው ሰው የሚይዘው እጀታ አለ። መካኒኩ ወጣትነቴን አይቶ ሞተሩ ጋ አቆመኝ። ጫፉን ማን ይያዝ ሲባል አማቴ ማንንም ሳይጠይቁ ሄደው ያዙት።

ሲያስነሳው፣ በስመ አብ! በጽዱ ላይ የነበረ ወፍ ሁሉ ብን አለ። ሞተሩ እጄን እስከ መንጋጋዬ አንቀጠቀጠው። ሐሞቴ ፈሰሰ ስላችሁ ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም፤ ግንዱን ተደግፌ ነው የቆምኩት።

መካኒኩ ሦስት ቀን አስተማረን። ሰንሰለቱ ከላላ ከብረቱ ላይ ዘሎ ፊትህን ይልስሃልና ሁልጊዜ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ በጣትህ ሳብ አድርገህ እየው፤ አጥብቀህም አትግደለው፣ ይበጠሳል። ጥርሱን በሞረድ ሳለው፤ አንዱን ብዙ፣ አንዱን ትንሽ ካደረግክ መጋዙ ወደ ጎን ይሄድብሃል። ዘይቱ እንዳይጎድል። ቤንዚን የምትጨምረው ሞተሩ ጠፍቶ፣ በደንብ ቀዝቅዞ። የሚንጠለጠል ልብስ የለበሰ ሰው አጠገቡ እንዳይደርስ። ይህን ሁሉ ካለ በኋላ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረና ረዥም ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው አሳጠረው፦ «የነዳጁ መጨበጫ በእጅህ ነው። ስትጨብጠው ሰንሰለቱ ይሮጣል፣ ስትለቀው ይቆማል። ጫፍ ላይ ያለው ሰው ሊያቆመው አይችልም። ክፉ ነገር ስታይ ልቀቅና ጩህ። የሰውየው ነፍስ በአንተ እጅ ናት።»

የእኔ ጭንቅ ከዚያች ቀን ጀመረ። እኔ ጋቢዬን አውልቄ በእጀ ጠባብ ቀረሁ፤ አማቴ ፊት እንደዚያ መቆሜ ራሱ ዕርቃኔን የቆምኩ ያህል አሳፈረኝ። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን አላወለቁም። ወገባቸው ላይ ጠምጥመው ጫፉን ሸጎጥ ያደርጉታል። ሥራው ሲጠና ጫፉ ይፈታል፣ ይንጠለጠላል፣ ከሚሮጠው ሰንሰለት አጠገብ ይወዛወዛል። መካኒኩ አንዴ ተቆጣ፤ እሳቸው እሺ ብለው አወለቁና ዞር ሲል መልሰው ጠመጠሙት። እኔ ዓይኔ ግንዱን ትቶ ጋቢው ላይ ተተክሎ ዋለ። እንጀራ ስቆርስ እንኳ ያ ጫፍ ይታየኝ ጀመር።

ለሚስቴ ነገርኳት። የስምንት ወር እርጉዝ ነበረች።

«ታዲያ ለምን ራስህ አትነግራቸውም? አፍህን ማን ሰፋው?» አለችኝ።

«ለአባትሽ? ልብስዎን ያውልቁ ልበላቸው? ምነው ሸዋ!»

«እንግዲያ ሽማግሌ ላክ» ብላ ሳቀች። ቀልዷን ነበር። እኔ ግን የምሬን ላክሁ። የሁላችንም የነፍስ አባት የነበሩትን ቄስና በገበያው ጨርቅ የሚነግዱትን ሙስሊም ጎረቤታችንን ለመንኩ። ሰው ለዕርቅና ለጋብቻ ሽማግሌ ይልካል፤ እኔ ስለ ጋቢ ላክሁ። ሁለቱም ለእሑድ ቀጠሩኝ።

እሑድ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ሁለቱም ፈገግ እያሉ ገቡ።

«መልስ ይዘናል፤ መልእክትም ይዘናል» አሉ ቄሱ። «አማትህ እኮ ባለፈው ሳምንት እኔን ወዳንተ ልከውኝ ነበር፤ እንዴት ብዬ ልንገረው ስል አንተ ቀደምከኝ።»

«ምን በደልኩ?» አልኩ።

«ሞተሩ እየጨሰ ቤንዚን ትጨምራለህ አሉ። ልጄ ነፍሰ ጡር ናት፣ ባልሽን እሳት በላው ተብላ እንዳትረዳብኝ፤ እኔ ብነግረው ያፍራል፣ እናንተ ንገሩልኝ አሉ።»

«እኔ? እኔ ነኝ እንደዚያ የማደርገው?» ብዬ ተቆጣሁ። ቁጣዬ ግን ወዲያው ከሰመ፤ እውነታቸውን ነው። መካኒኩ ቶሎ ቶሎ እያለ ሲጮህብኝ፣ እሱን ፈርቼ፣ ያስተማረኝን ራሱን ትቼ በጋለው ሞተር ላይ ስደፋ ከርሜያለሁ። ሚስቴ ከጓዳ ሆና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ለካ እኔ ጋቢያቸውን ሳይ፣ እሳቸው የቤንዚን ታኒካዬን ሲያዩ ነበር፤ ሁለታችንም ትንፍሽ ሳንል።

«የጋቢውስ ነገር?» አልኩ።

ነጋዴው መለሱልኝ። «እሺ ብለዋል። ግን ልጄን ያገባ ሰው ፊት በእጀ ጠባብ ብቻ አልቆምም አሉ። አጭር ኮት አሰፋላቸዋለሁ፤ ለረቡዕ ይደርሳል።»

ደስ አለኝ። ሦስት ቀን ምን አላት አልኩ። እንደዚያ ማለቴን ሳስበው ዛሬም ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

ሰኞ ሞተሩን አጥፍቼ እስኪቀዘቅዝ ጉቶ ላይ ተቀመጥኩ። መካኒኩ ተንጨረጨረ፣ እኔም ፈራሁ፣ ግን አልተነሳሁም። አማቴ ወደ ሌላ በኩል እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋቢውን ደግሞ እንደ ወትሮው ሳይሆን ሁለት ዙር አጥብቀው ጠምጥመውት ነበር።

ማክሰኞ ከጉና በኩል ብርቱ ነፋስ ተነሳ። የወደቀ ግንድ እየቆረጥን ነበር። ቁርጡ ሊያልቅ ሲል አማቴ ጎንበስ አሉ፣ ፊታቸውን ከሚበተነው ብናኝ ለማዳን ወደ ጎን አዞሩ። ያኔ የጋቢው ጫፍ ከወገባቸው ተፈታ። አየሁት። እግዜር ያሳያችሁ፣ በደንብ ነው ያየሁት፤ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ነፋሱ አነሳው፣ ተመልሶ ወረደ። ጊዜ ነበረኝ። አንድ ጩኸት የሚጮህበት ጊዜ ነበረኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ በዚያ ሁሉ ሠራተኛ ፊት እሳቸው ላይ መጮህ... መልሼ ገጠምኩት። እጄም ልቀቅ ስለው አልለቀቀም። ሰው ሲፈራ ይጨብጣል፤ እኔም የነዳጁን መጨበጫ ጨበጥኩት።

ሰንሰለቱ ጋቢውን ያዘ። አማቴ ደንግጠው ጨርቁን በቀኝ እጃቸው መልሰው ሊስቡ ሞከሩ፤ ጨርቁ እጃቸውን ይዞ ሄደ። ወፍራሙ ጋቢ ተጠቅልሎ ሰንሰለቱን እስኪያንቀው ድረስ ነው ሞተሩ የቆመው። እኔ አላቆምኩትም፤ ጋቢው ነው ያቆመው። ፀጥ ሲል የሰማሁት የእሳቸውን ትንፋሽ ነበር። አልጮኹም። እኔም አልጮህኩም።

መካኒኩ ሮጦ መጣና መጀመሪያ ሰንሰለቱን አየ። ከዚያ የተረፈውን ጋቢ ቀድደን እጃቸውን አሰርን፣ በቃሬዛ ደብረ ታቦር አወረድናቸው። ሐኪሙ ሦስት ጣቶቻቸውን ቆረጠ። መንገዱን ሁሉ ይሞታሉ ብዬ ነፍሴ ልትወጣ ደርሳ ነበር፤ ቀና ብዬ ሳያቸው ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያየን።

በማግስቱ ቤታቸው ተኝተው ሳለ ሚስቴ ከትራሳቸው አጠገብ ተቀምጣ ወደ እኔ ዞረች። ሳቋ ጠፍቷል።

«ክፉ ነገር ስታይ ጩህ ብለውህ አልነበር? ጮኸሃል?»

«ጮኼያለሁ» አልኩ።

እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ወጣ። እሷ ወደ አባቷ ዘወር አለች። «አባባ፣ ጮኾልዎት ነበር?»

አማቴ የታሰረ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። ግድግዳውን ተደገፍኩ፤ ሞተሩ ፊትም እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። እሳቸው ጩኸት እንዳልነበረ ያውቃሉ። ከእኔና ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም።

«ጮኾ ነበር» አሉ። «እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ያ ሞተር ምን ያሰማል።»

ከዚያ ውሃ አምጪልኝ አሏት፣ ተነስታ ሄደች። ሁለታችን ብቻ ቀረን።

ብዙ ዓመት ኖሩ። በግራ እጃቸው መጥረቢያ መያዝ ለመዱ፤ መጋዝ ግን ዳግመኛ አልሳቡም። ያቺን ነገር አንስተውብኝ አያውቁም። እኔም ላመሰግናቸው ስንት ጊዜ ደጃቸው ድረስ ሄጄ ስለ ዝናብና ስለ ገብስ አውርቼ ተመለስኩ። ይህ ደግሞ ሽማግሌ የሚላክበት ጉዳይ አልነበረም። እሳቸው ካረፉም በኋላ ሚስቴ ለልጆቻችን፣ «አባታችሁ ጮኾላቸው ነበር፤ ሞተሩ ነው ያላሰማቸው» እያለች በየገበታው ስትነግራቸው፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ እበላ ነበር።