ፈረንጅ ጥላለች የተባለችው በቅሎ

ሰው ሁሉ አንድን ነገር በአንድ ቃል ሲናገር ደስ አይለኝም። ደባርቅ ተወልጄ ያደግሁ፣ ወደ ተራራው ፓርክ ለሚወጣ ቱሪስት በቅሎ አከራይ ነኝ፤ የእኛን ሰው አውቀዋለሁ። ሰባት ሆነን ስለ ትናንቱ ዝናብ ብናወራ እንኳ ሰባት ዓይነት ዝናብ ነው የሚዘንበው።

ታዲያ የቱሪስቱ ወቅት ሲገባ የበቅሎ ተራው ሁሉ ስለ ጎረቤቴ በቅሎ አንድ ወሬ ያዘ፦ «ፓርኩ ውስጥ፣ ሳንቃ በር ላይ ከገደሉ አፋፍ ደንብራ ፈረንጅ ጥላለች።» ጎረቤቴ ሽማግሌ ናቸው፤ ያለቻቸው እሷው ብቻ ናት። እኛ ዘንድ በቅሎ የምትወጣው በተራ ነው። ደንባራ ከተባለች ግን ከተራ ትሰረዛለች፤ ከተሰረዘች ደግሞ አለቀላት፣ የሚከራያት የለም። የሽማግሌው እንጀራ በዚያች ወሬ ላይ ተንጠለጠለ።

«አይተሃል?» አልሁት አንዱን።

«ኧረ እኔስ አላየሁም፤ ሲሉ ሰምቼ ነው።»

ሌላውን ብጠይቀው «ይሄ ሁሉ ሰው ሊዋሽ ነው እንዴ?» ብሎ ተቆጣኝ። ዕቃ ጭኜ ሳንቃ በር ስወጣ ቱሪስት የሚያጅበውን የፓርኩን ስካውት ያዝሁት። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ «እኔም ከእናንተው ነው የሰማሁት» አለኝ። እንዴ! ፈረንጅ ወድቆ ስካውት ሳይሰማ? ፈረንጅ ጉንፋን ሲይዘው እንኳ አገር ይተራመሳል!

ከዚያ ወዲያ ሁሉንም በጎሪጥ ማየት ጀመርሁ። አንዲት በቅሎ ስትሰረዝ የሁላችንም ተራ ይፈጥናል፤ የእኔም ጭምር። ይህን ያሰበው ማን ነው? የማኅበራችንን ሰብሳቢ ጠረጠርሁ፤ እሱም «ሰው እንዲህ ይላል» ነው የሚለው። ምናልባት ማንም አላሰበው ይሆናል። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ።

በበቅሎዋ ጉዳይ ስብሰባ የተጠራ ዕለት ሽማግሌው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ለመሆኑ ወደቀ የተባለው ፈረንጅ ወንድ ነው ሴት? ማንስ አነሣው?» ብዬ ጠየቅሁ። ከኋላ አንዱ «አንተ ደግሞ ምን ጥልቅ አደረገህ?» ሲል ሳቁ። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገና «ትሰረዝ የምትሉ እጅ አውጡ» አለ።

የሁሉም እጅ ወጣ። ደሜ ፈላ። አይዞዎት ልላቸው ወደ ሽማግሌው ዞር ስል፣ እሳቸውም ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው እጃቸውን አውጥተዋል።

«ጋሼ! የራስዎ በቅሎ እኮ ናት! እውነት ጥላለች?»

«ኧረ አልጣለችም» አሉኝ በለሆሳስ፤ ዐይናቸው ሰብሳቢው ላይ ነው። «ብሞት ከነዚህ ሌላ ማን ይቀብረኛል? ይልቅ አንተም አውጣ፤ እያዩህ ነው።»

እጄን አላወጣሁም። በማግስቱ በራቸው ላይ «እንደምን አደሩ» ስላቸው፣ ከሁሉ ቀድመው ፊታቸውን ያዞሩብኝ እሳቸው ናቸው።