ከወንበሩ እስከ ዓይኔ

አጎቴ ሜትር አይወዱም ነበር። ወሎ፣ ሐይቅ ዳር ነው ያደጉት፤ ሁሉንም ነገር የሚለኩት በስንዝራቸው ነው። ያለፈው ኢድ በስደት ከሚኖሩባት ከክሎተን ከተማ ተነስተው፣ ቬርኒየ ከተማ እኔ ቤት ድረስ በባቡር መጥተው፣ ገና ከመቀመጤ ከወንበሩ ጀምረው እስከ ዓይኔ በስንዝር ለኩኝ።

«ጋሼ፣ ልጅ መሰልኩዎት እንዴ?» ብዬ ተቆጣሁ።

«ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ። ሦስት ስንዝር ተኩል» አሉ፤ ሌላ ነገር አልነገሩኝም።

ያን ሰሞን ከክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ የጽዳት ሥራ ጡረታ ወጥተው፣ ለአንድ አዳኝ ባልደረባቸው ዳክዬ ሳያየው ተደብቆ የሚጠብቅበት የሸንበቆ ማድፈጫ እየሠሩ ነበር። ሸንበቆውን እዚያው አጠገባቸው ካለ ሐይቅ ዳር እያጨዱ እንደ አገራቸው ይጎነጉኑታል። ሲደውሉልኝ ወሬያቸው ሁሉ ስለ ማድፈጫዋ ነው።

«ዳክዬዎቹ ለመዷት፤ አጠገቧ ይዋኛሉ። ነይና እይ።»

«ኢንሻላህ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ» እላለሁ። ቅዳሜ ሲደርስ ወይ ሥራ አለብኝ፣ ወይ የሦስት ሰዓት የባቡር መንገዱ ይታክተኛል። አንዱ «የሚቀጥለው ቅዳሜ» ሳይደርስ እሳቸው ሞቱ።

ከቀብሩ በኋላ ባልደረባቸው ማድፈጫዋን አሳየኝ። ሁለት መቀመጫና ሁለት የማያ ቀዳዳ አላት።

«ለብቻዬ ስለማድን አንድ ይበቃኛል ብያቸው ነበር» አለኝ። «እሳቸው ግን ‹ሁለተኛው ባለቤት አለው› አሉኝ።»

ዝቅ ባለው ቀዳዳ በኩል ተቀመጥኩ። ማጎንበስም መንጠራራትም አላስፈለገኝም።

አላህ ቀብርዎን ያስፋልዎት፣ ጋሼ። ልኬቱ ትክክል ነበር፤ የቀረሁት እኔ ነኝ።