ጠላቂ የሌለበት ፍለጋ

ባሕርን ለዓመታት ያስተማርኩት በጠመኔ ነው። ዲላ ውስጥ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ አህጉራቱን እስልና ባዶ የቀረውን ቦታ በመዳፌ እየመታሁ “ይሄ ሁሉ ውኃ ነው” እላለሁ። ከሐይቅ የሚበልጥ ውኃ እኔም ተማሪዎቼም አይተን አናውቅም። ስለዚህ ታናሽ ወንድሜ መርከበኛ ልሆን ነው ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ። ባሕር የሌለው አገር፣ ያውም የቡናና የእንሰት ጓሮ ልጅ፣ ከመርከብ ጋር ምን አገናኘው?

እሱ ግን አንዴ ልቡ ከተነሣ የሚመለስ አልነበረም። ይርጋጨፌ አጠገብ ባለ ቡና ማጠቢያ የመፈልፈያውን ሞተር ሲጠግን ቆይቶ፣ ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ የመርከብ ሞተር ሠራተኞች እየሠለጠኑ ነው ሲባል ሰማ። ተፈተነ፣ አለፈ፣ ሄደ። እናታችን ወናጎ ገጠር ተወልዳ፣ እዚያው አግብታ፣ አባታችን ሲሞት ነው ዲላ የገባችው። ከእኛ ጋር የምታወራው በጌዴኦኛ ነው፤ እዚህ በአማርኛ የማሰፍረው እኔ ነኝ። የመሄዱን ነገር ስትሰማ አላለቀሰችም። 

“እዚያ ውኃው ላይ የት ነው የሚተኛው?” አለችኝ።

“መርከቡ ውስጥ ክፍል ይሰጠዋል።”

“በር አለው?”

“አለው።”

“እንግዲያው ሲተኛ በሩን ይዝጋ። ንገሪው።”

ነገርኩት። “እሺ በያት፣ እዘጋለሁ” አለኝ እየሳቀ።

ወደብ በደረሰ ቁጥር ይደውላል። መስመሩ እየተቆራረጠም ቢሆን ያየውን ሁሉ ሳይነግረኝ አይዘጋም። አንድ ጊዜ ከእነሱ አጠገብ የቆመች መርከብ ቢጫ ሣጥን የመሰለ ነገር በገመድ ወደ ባሕር ስታወርድ አይቶ ነበር። ሣጥኑ መብራት አለው፣ ካሜራ አለው፣ የብረት ክንድ አለው፣ ሰው ግን የለበትም። የሚነዳው ሰውዬ ከላይ መርከቡ ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል።

“ጠላቂ ቢገባ የሚሞትበት ቦታ ወርዶ ብሎን ይፈታል” አለኝ። “አሁን ሁሉ ነገር ወደዚህ እየሄደ ነው። የነዳጅ ቧንቧ የሚፈትሸው፣ የኢንተርኔት ገመድ የሚጠግነው፣ የባሕሩን ወለል ካርታ የሚያነሣው ይሄ ነው። ኮንትራቴን ልጨርስ እንጂ እኔም የምማረው እሱን ነው።”

“ሻይ እየጠጡ መሥራት! ተገኝቶ ነው?” ብዬ ቀለድኩበት። ልጁ ግን የምሩን ነበር።

ቡናው መቅላት በጀመረበት ሰሞን የመርከቡ ባለቤቶች ወኪል ከአዲስ አበባ ደወለ። መርከቡ ማዕበል ላይ መስጠሙን፣ የተረፉ መኖራቸውን፣ ወንድሜ ግን ከተረፉት መካከል “እስካሁን” አለመገኘቱንና እየተፈለገ መሆኑን ነገረኝ። ያንን “እስካሁን” እንዴት እንደጠላሁት! ሞቷል አላለም፣ በሕይወት አለም አላለም። እኔም ለእናቴ ያንኑ ቃል እንዳለ ወስጄ ሰጠኋት፤ ሌላ የምሰጣት አልነበረኝም።

ጎረቤት ተሰበሰበ። የእድራችን ዳኛ አጠገባችን ሱቅ ያላቸው የጉራጌ ሽማግሌ ናቸው። ወደ እናቴ ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ድንኳኑን እናምጣ ወይስ ይቆይ?” ሲሉ ጠየቋት።

“ልጄ ሳይገኝ?” አለች እናቴ።

ድንኳኑ ቀረ፤ አግዳሚ ወንበሩ ግን መጣ። ሰው ሁሉ ግቢያችን ውስጥ ሰማይ ሥር ተቀመጠ። ዝናቡ ሲመጣ አግዳሚውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ጣሪያ ይጠጋል፣ ሲያባራ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ሲሄዱም የሚሉት ይጠፋቸዋል። “እግዚአብሔር ያጽናችሁ” እንዳይሉ ሞተ አልተባለም፤ እንዳያጽናኑ ለቅሶ የለም። “እሺ… እንግዲህ…” ብለው ጫማቸውን እያዩ ይወጣሉ። 

እናቴ ግን ሥራ ነበራት። ልጆች ሳለን፣ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት በኋላ፣ ከሰፈራችን አንድ ጎልማሳ ወንዝ ሲሻገር ጎርፍ ወስዶት ነበር። የሰፈሩ ወንዶች ወገባቸውን በቃጫ ገመድ ታስረው ተራ በተራ ገቡ። ልማድ ነበራቸው፤ ማንም ከመጥለቁ በፊት የጠፋውን ሰው ጮክ ብሎ በስሙ ይጠራዋል። አለሁ፣ መጣሁልህ እንደማለት ነው። ሳይጠሩ መግባት ነውር ነበር። ከውኃው የወጣም ሁሉ ከጠፋው ሰው ቤት የመጣ ነገር ሳይቀምስ ወደ ቤቱ አይሄድም። እናቴ ከሴቶቹ ጋር ወንዙ ዳር ቆማ፣ እየተንቀጠቀጡ ለሚወጡት ቆጮና ትኩስ ጎመን ስታቀርብ ዛሬም ይታየኛል። ሰውዬውን አገኙት፤ ወግ ባለው መንገድ ተቀበረ። እሷ ፍለጋ ሲባል የምታውቀው ይህንን ነው።

ስለዚህ ከጓሮዋ ያገኘችውን ያለፈውን ዓመት ቡና አውጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ፍሬ በፍሬ ለቀመችው። የተሰበረውን አወጣች፣ የጠቆረውን አወጣች፣ ደህናውን በትንሽ ጆንያ ሞላችው። “ለጠላቂዎቹ ልጆች ነው” አለችኝ። “ውኃው ይበርዳቸዋል። በአውቶቡስ ለዚያ ለደወለልሽ ሰውዬ ላኪለት፣ እሱ ያድርስላቸው።”

ቤተ ክርስቲያናችንም እሑድ ለጠላቂዎቹ ይጸልይ ጀመር። ብርዱን እንዲያሳልፍላቸው፣ ገመዳቸው እንዳይበጠስ፣ ለእናታቸው እንዲያበቃቸው። ወኪሉ ኢሜይል ልኮልኝ ስለነበር ባሕሩ ውስጥ ማን እንዳለ እኔ አውቃለሁ። ማንም የለም። አንድ ሰው አልባ መሣሪያ አለ። ያ ሁሉ ሕዝብ ዓይኑን ጨፍኖ እያለቀሰ ሲጸልይ ተነሥቼ ምን ልበል? አሜን አልኩ።

አንድ ቀን ወኪሉ ሲደውል እናቴ አጠገቤ ነበረች። ስልኩን ወሰደችና በራሷ አማርኛ ጠየቀችው፤ ድምፁን ከፍ አድርጌው ስለነበር ሁሉም ይሰማኛል።

“ልጄ፣ ውኃ የገባው ልጆች ደህና ነው? በልቷል?”

“የትኞቹ ልጆች፣ እማማ?”

“የኔን ልጅ የሚፈልገው።”

“እማማ፣ ሰው አይገባም እኮ። ሮቦት ነው። ማሽን። እሱ ነው የሚፈልገው።”

“ሰው የለበትም?”

“የለበትም። ጥሩነቱም እሱ ነው፣ ማንም አይጎዳም። አያስቡ።”

ስልኩን መለሰችልኝ። ሰውዬው ክፋት አልነበረበትም፤ ሊያጽናናት ነው። እሷ ግን ፊቷ ያለወትሮው ተለወጠ። “ለኔ ልጅ ሲሆን ገብቶ የሚፈልግ ሰው ጠፋ ማለት ነው?” አለችኝ። ሰው የማይደርስበት ጥልቀት መሆኑን፣ ማሽኑ ከማንም ጠላቂ እንደሚበልጥ፣ የትም ትልቅ አገር ቢሆን የሚላከው ያው እንደሆነ አስረዳኋት። ጎበዝ አስተማሪ ነኝ፤ ነገር አስረዳለሁ። አንዱም አልገባላትም። ጆንያው አፉ እንደታሰረ በሩ አጠገብ ቆሞ ቀረ።

እኔ ደግሞ ማንበብ ያዝኩ። ከትምህርት ቤት ስወጣ በባጃጅ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ወዳለው ኢንተርኔት ቤት እሄዳለሁ። በገመድ ታስረው የሚወርዱ እንዳሉ፣ ገመድ የሌላቸው ብቻቸውን ዋኝተው የሚመለሱም እንዳሉ፣ በበረዶ ሥር የሚሄዱ፣ ፈንጂ የሚያመክኑ፣ የሰመጠ አውሮፕላን የሚፈልጉ እንዳሉ አነበብኩ። ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች በመስመር በመስመር ሲወርድ፣ መብራት እንዳይጠፋ እየተሳቀቅኩ፣ ወንድሜን የሚፈልገው የትኛው ዓይነት ይሆን እያልኩ አያለሁ። ማወቄ ምን እንደሚረዳው አላውቅም ነበር። ዝም ብሎ ከመቀመጥ ግን ይሻለኛል።

ክፍል ውስጥም ስለ ውቅያኖስ ጥናት ሳስተምር አመጣሁት። ሰሌዳው ላይ “ጥቅሞቹ” ብዬ ጻፍኩ። አየር አያስፈልገውም። አይበርደውም። አይደክመውም። “አይፈራም” ብዬ ስጽፍ እጄ ቆመ። አለመፍራቱ ለማን ነው የሚጠቅመው? አንድ ሰው እዚያ ጨለማ ውስጥ ለወንድሜ ብሎ ቢፈራ እወድ ነበር። ተማሪዎቹ ቀና ብለው ቀጣዩን ይጠብቃሉ። ጠመኔውን አስቀምጬ ቀሪውን ክፍለ ጊዜ ካርታ አስቀዳኋቸው።

በመጨረሻ ወኪሉ ደወለ። ማሽኑ መርከቡን አግኝቶታል፤ ወደ ውስጥም ገብቷል። ግን የሠራተኞቹ መኝታ ያለበት መተላለፊያ ጠባብ ነው፣ ገመዱ ከዚያ በላይ አይሄድም፣ የባሕሩም ጠባይ እየከፋ ነው። ፍለጋው ተዘግቷል። ቤተሰቡ ከፈለገ ማሽኑ የቀረጸውን ፊልም እንልካለን አለ። እኔ ለማየት አልፈለግሁም ነበር። እናቴ ግን፣ “ልየው” አለች። ለእድሩ ዳኛም፣ “አይቼ ስመጣ ትተክሉታላችሁ” አለቻቸው። ድንኳኑ በጋሪ መጥቶ እደጃችን ቆመ፤ ሰዎቹም ቋሚውን እንጨት እግራቸው ሥር አጋድመው ሊጠብቁን ተቀመጡ።

ፊልሙ ያን ቀን ሙሉ ጠዋት ሲወርድ ቆየ። ኢንተርኔት ቤት ገብታ የማታውቀው እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዙሪያችንን ተማሪዎች ጆሯቸውን በማዳመጫ ደፍነው በየኮምፒውተራቸው አፍጥጠዋል። ከፈትኩት። ድምፅ የለውም። መጀመሪያ ጥቁር ነበር፣ ከዚያ እንደ ዱቄት የሚበን ነገር ውስጥ መብራት ታየ፣ ከዚያ መተላለፊያው። በሮቹ በየተራ ያልፋሉ። ክፍት፣ ባዶ። ክፍት፣ ባዶ። ወኪሉ የወንድሜ ክፍል መጨረሻው እንደሆነ ጽፎልኛል።

መጨረሻው በር ዝግ ነበር።

“ዘግቶታል” አለች እናቴ።

“አዎ፣ እማዬ።”

የብረቱ ክንድ ተዘረጋ። እጀታውን ያዘ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ያዘ። ገመዱ ሳያልቅበት አልቀረም፤ ስበው እንደመለሱት ነገር ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ዞረ። መተላለፊያው እየራቀ ሄዶ ጨለመ።

“ጠርቶታል?” አለችኝ።

“ማን?”

“ይሄ ዕቃ። ሳይገባ በስሙ ጠርቶታል?”

“አይጠራም፣ እማዬ። መናገር አይችልም።”

ራሷን ነቀነቀች፣ እንደገባት ሁሉ። ከዚያ፣ “መልሺልኝ” አለች። መለስኩላት። ጥቁሩ፣ ዱቄቱ፣ ክፍቶቹ በሮች። የተዘጋው በር ሲመጣ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አለችና የወንድሜን ስም ጠራች። በለሆሳስ አይደለም፤ ድሮ ወንዙ ዳር እንደሚጠራው፣ ከወዲያ ማዶ ላለ ሰው። ተማሪዎቹ ዞረው አዩን። ክንዱ እጀታውን ያዘ፣ ለቀቀ፣ ያዘ። ዞረ።

ስልኬ ጮኸ። የእድሩ ዳኛ ነበሩ፤ “እንትከለው፣ ልጄ?” ሊሉኝ ነው። አላነሣሁም።

“መልሺው” አለች። “ዘግይቼ ነው የጠራሁት። አልሰማም።”

መለስኩት። አሁን በሩን አልጠበቀችም። ማሽኑ ገና መተላለፊያው አፍ ላይ ሳለ፣ ልጇ ተነሥቶ ለመክፈት ጊዜ እንዲያገኝ፣ ደጋግማ ጠራችው። ማሽኑ ያው ቦታ ደርሶ ዞረ።

“እንደገና” አለችኝ። ተጫንኩት።