እደጊ እያልኩ የሰጠሁት ወተት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለልጆቼ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። በየዓመቱ ንስሐ ስገባ በጾም ቅቤ መቅመሴን እናገራለሁ፣ ከወንድሜ ጋር በድንበር መጣላቴን እናገራለሁ፣ ሰው መስደቤን እናገራለሁ። ስድቡንም እንዳለ ስለምደግመው አባ ራሳቸው "ይበቃል፣ ይበቃል ለገሰ" ይሉኛል። እዚህች ላይ ስደርስ ግን አፌ ይዘጋል። የላም መኖ ደግሞ ኃጢአት ነው ወይ እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖርኩ። ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት፤ አውቄ ነው የሠራሁት።

ፊደል የለየሁት ከጎለመስኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። ጽሕፈቴ ይንጋደዳል። ቢሆንም በራሴ እጅ እጽፈዋለሁ። ለምን ዛሬ እንደምጽፈው ትደርሱበታላችሁ።

ሱሉልታ ተወልጄ ሱሉልታ ያረጀሁ ላም አርቢ ነኝ። ድሮ እኛ ዘንድ ላም ማርባት ማለት ሣር ማጨድ ነበር። ሜዳው ሁሉ ድርቆሽ ነበር፤ ከአዲስ አበባ መኪና እየመጣ ይጭነው ነበር። አሁን ሜዳው ቤት ነው፣ መጋዘን ነው፣ አጥር ነው። ሣሩ ሲሄድብን ፋጉሎ መግዛት ጀመርን። ፋጉሎ ኑግ ዘይቱ ተጨምቆ ሲያልቅ የሚቀረው ጥቁሩ ድርቅ ያለው ነገር ነው። የፈረንጅ ላም እሱን ከበላች ባልዲ ትሞላለች።

በዚያን ጊዜ ሁለት ላሞች ነበሩኝ። አንዷ ዳለቻ የሐበሻ ላም ነበረች፤ ያገኘችውን ሣርና ጭድ የምትበላ፣ ወተቷ እዚህ ግባ የማይባል። ሌላዋ ጥቁርና ነጭ የፈረንጅ ላም፣ ጨረቃ የምላት። ፋጉሎው የጨረቃ ነበር።

ክረምቱን የመኖ ቤቴ ቆርቆሮ ሲያፈስ ከርሞ አላየሁትም። ጥምቀት አልፎ ድርቆሼ ሲያልቅ የፋጉሎውን ጆንያዎች ፈታሁ። ተጋግሮ ጠብቋል። ላዩ ላይ አረንጓዴና ነጭ ነገር እንደ ጥጥ በቅሎበታል። ሲከፈት ሽታው አፍንጫ ይመታል። ምን አደረግኩ? ሸራ ዘርግቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። በዱላ ቀጠቀጥኩት፤ ብናኙ ጉሮሮዬ ገብቶ አስሳለኝ። ከፉርሽካ ጋር አደባልቄ ለጨረቃ አቀረብኩላት። አሽትታ ፊቷን አዞረች። ጨው ጨመርኩበት፤ በላች። ከብት እንኳ እምቢ ብላኝ ነበር፤ እኔ ነኝ በጨው ያታለልኳት።

አሁን ስለ ሁዳዴ ልንገራችሁ። ነገሩ ያለው እዚያ ነው። በሁዳዴ ወተት ገዢ ይቀንሳል፤ ሰዉ ይጾማል፣ ሻይ ቤቱም ማኪያቶ አያፈላም። ላም ግን ጾም አታውቅም። ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና "የጾም ወተት የልጆች ነው" ብላ ለሰፈሩ ልጆች በነፃ ታድል ነበር። እሷ ስትሞት እኔ ቀጠልኩበት። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ጣሳ ጣሳቸውን ይዘው በሬ ላይ ይሰለፋሉ። እኔ የጨረቃን ወተት እየቀዳሁ እመርቃለሁ። ለወንዱ እደግ፣ ለሴቷ እደጊ፣ ኦሮምኛ ለለመደው ጉደዱ። ምርቃቱን ካልሰሙ ጣሳቸውን አያነሱም ነበር። እናቶቻቸው በመንገድ ሲያገኙኝ "ኦቦ ለገሰ፣ ስምዎን የሚመስሉ ሰው" ይሉኛል። ደስ ይለኝ ነበር። በሕይወቴ ሙሉ ጥሩ ሠራሁ የምለው ነገር እሱ ነበር።

ከግቢዬ ጀርባ ያለችውን ክፍል ትግስት የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ተከራይታለች። እዚያ ኪራይ ሲወደድባት ነው ከባሏ ጋር ወደኛ የመጣችው። ሁለቱም ጠዋት በታክሲ ወደ ከተማ ለሥራ ይወርዳሉ። ልጃቸው አርሴማ ያኔ ጡት መተዋ ነበር። ቀን ቀን አንዲት ጎረቤት ትይዝላቸው ነበር፤ የምትውለው በወተት ነው። ወተቱ ደግሞ የእኔ ነው።

በጾሙ አጋማሽ ሃና የምትባል ወጣት መጣች። ተመራማሪ ነች። ከሰበታም፣ ከቡራዩም፣ ከኛም ሰፈር ወተት እየሰበሰበች ነበር፤ ትናንሽ ብልቃጦችና በረዶ ያለበት ሳጥን ይዛለች። ቁጭ ብላ ልጅ ለአባቷ እንደምታስረዳ አስረዳችኝ።

"አባባ፣ ፋጉሎ ሲሻግት ሻጋታው መርዝ ያመነጫል። አፍላቶክሲን ነው የሚባለው። ላሟ ስትበላው ወደ ወተቱ ያልፋል።"

"እኛ አፍልተን ነው የምንጠጣው" አልኳት።

"ማፍላት አያጠፋውም። መኖውን ፀሐይ ላይ ማድረቅም የገባውን መርዝ አያወጣውም። አይታይም፣ አይሸትም፣ ጣዕም የለውም።"

"የማይታይ፣ የማይሸት፣ የማይቀመስ! አንቺ ታዲያ በምን አገኘሽው?"

ሳቀች። "እሱን ለማግኘት እኮ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የተማርነው አባባ።"

ቀጥላ ግን ፊቷ ጠቆር አለ። የሚያሳስበን ሕፃን ነው አለች፤ ሰውነቱ ትንሽ ነው፣ ምግቡ ወተት ነው። ሲጠራቀም ጉበት ይጎዳል አለች። ዕድገትንም ይጎዳል ብለን እንጠረጥራለን፣ ገና እየተጠና ነው አለች። ዕድገት አለች። በጆሮዬ ሰማሁት።

መኖውን ላየው ስትለኝ ጥግ ላይ የቀረችውን አንድ እስር ድርቆሽ አሳየኋት። ወተት ይስጡኝ ስትለኝ የዳለቻን ወተት ቀዳሁላት። ብልቃጧን ሞላች፣ በረዶው ውስጥ አስቀመጠች፣ አመስግናኝ ሄደች። ለምን አደረግኩት? የጨረቃ ወተት ቢመረመር ወተቴን የሚረከበኝ ነጋዴ ይተወኛል ብዬ ፈራሁ። አፍሬም ነበር፤ አንዲት ልጅ ቤቴ ገብታ ከብት አያያዝ አታውቅም እንድትለኝ አልፈለግኩም። ያጠፋሁት በዚህ ብቻ ቢሆን ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ተሰለፉ።

አያችሁ፣ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር ማለት እችላለሁ። ከዚያ በኋላ አልችልም። ሃና የተቀመጠችበት በርጩማ ገና ከቦታው አልተነሳም። ዛሬ የለም፣ ሂዱ ማለት እችል ነበር። ላሟ ታማለች ማለት እችል ነበር፤ ውሸት እንደሆነ ጠዋት ተናግሬያለሁ፣ አንድ ብጨምር ምን ነበረበት? ግን ባቆም ለምን ይሉኛል ብዬ አሰብኩ። ለምን ካሉ ወደ መኖ ቤቱ ይመጣሉ ብዬ አሰብኩ። የሰፈሩ ለጋስ እኔ ነኛ! ቀዳሁ። ለአንዱ ቀዳሁ፣ ለሌላው ቀዳሁ። ጎረቤቷ አርሴማን አዝላ መጣች። ልጅቷ ከጀርባዋ ሁለት እጇን ወደ ጣሳው ዘረጋች፤ ጥርሷ ገና መብቀሉ ነው፣ ሳቀችልኝ። ቀዳሁላት። "እደጊ" አልኳት።

በማግስቱም ሰጠሁ። ፋሲካ እስኪደርስ ሰጠሁ። በየቀኑ እደጊ እያልኩ ሰጠሁ።

ከሁሉ የምትከፋውን አስቀርቼ ነበር፤ እሷንም ልጻፋት። ፋሲካ ደረሰ፤ ጾም ተፈታ። እኔ ወተት የጠጣሁት ከማን መሰላችሁ? ከዳለቻ። ከጨረቃ አንድ ጉንጭ አልቀመስኩም። ጣሳዬን ለየሁ። እንግዲህ አላወቅኩም ነበር የሚል አፍ ከየት ላምጣ? ጉሮሮዬ ያውቅ ነበር።

ሃና ተመልሳ መጣች። ትግስት ዕረፍት ላይ ነበረችና ግቢው ውስጥ ልብስ ታጥባለች። ሃና ለብቻዬ ልትነግረኝ ወደ ጎን ጠራችኝ፤ እኔ ነኝ ጮክ ብዬ "እዚሁ ተናገሪ፣ ምን የሚደበቅ አለ!" ያልኳት። እሷም "የእርስዎ ወተት ጥሩ ነው አባባ፤ እንዲህ ነው መያዝ" አለች።

ትግስት እጇ በሳሙና አረፋ እንደተሞላ "እኔስ አውቄ አይደል! ከዚህ ግቢ ወተት ሌላ ልጄ አፍ አይገባም" አለች። አልገባም። የተረፈው ፋጉሎ እስኪያልቅ ድረስ ከዚያው ወተት ስትገዛኝ ቆየች። እኔም ሸጥኩላት።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ዕረፍት የለውም። የግቢዬ በር መወርወሪያ ብረት አለው። አርሴማ ስትወጣ ስትገባ ከዚያ ብረት ጋር አያታለሁ። ራሷ የት ደረሰ? ካምናው ከፍ አለ? የእኩያዋ ልጅ ስታልፍ እሷንም አያለሁ፤ የሷ ብረቱን አልፏል። ትምህርት ቤት ስትገባ በሰልፍ ፊት ፊት የሚያቆሟት ከትንንሾቹ ጋር ነው። ሲያስላት እደነግጣለሁ። ምግብ እምቢ ብላ ስታለቅስ ግድግዳውን አልፎ ይሰማኛል፤ ተነስቼ እቆማለሁ። ሆዷን ይዛ ካየኋት የቱ ጋ ነው የሚያምሽ፣ በቀኝ ነው በግራ እላታለሁ። ጉበት በቀኝ በኩል ነው፤ ጠይቄ ነው ያወቅኩት።

አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ሄጄ የልጅ ልጄ ጉዳይ አስመስዬ ጠየቅኩ። ነርሷ "ልጅን የሚያሳጥረው ብዙ ነገር ነው፤ ዘሩም፣ ምግቡም፣ በሽታውም። አይቶ ከዚህ ነው ማለት አይቻልም" አለችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እፎይ ይል ነበር። እኔ ባሰብኝ። አይደለም ቢሉኝ እተኛ ነበር፤ ነው ቢሉኝም አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር።

ትግስት ራሷ ትቀልዳለች። "አባቷን ወጥታ ነው አባባ! ባሌ እኮ የሠርጋችንን ፎቶ የተነሳው ድንጋይ ላይ ቆሞ ነው።" ባልየው "ድንጋዩን ማን አመጣው? አንቺ!" ይላታል። ግቢው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። እውነት አጭር ሰው ነው። ስንት ጊዜ በቁመቱ ተጽናናሁ! ሰው በሰው ቁመት ይደበቃል? እኔ ተደበቅኩ።

ጨረቃን ሸጥኳት፤ ልጇ አለችኝ። ለልጆች ማደሉንም በቀጣዩ ሁዳዴ ተውኩት። ምክንያቱን አልተናገርኩም። "ኦቦ ለገሰ ሲያረጁ ሰሰቱ" ተባለ። ይባል። ፋጉሎ አሁንም እገዛለሁ፤ ሣር ከየት ይምጣ? እያንዳንዷን ቁራሽ አገላብጬ አያለሁ፣ አሸታለሁ፣ ርጥበት የነካትን እጥላለሁ። ግን የማይታየውን ነገር አገላብጬ ምን ላገኝ?

ዘንድሮ ትግስት ሁለተኛ ልጅ አላት፤ ወንድ ነው። ጡት ልታስተወው ነው። ትናንት በሬ ላይ ቆማ፣ ልጁን እንዳቀፈች፣ አርሴማን ከጎኗ አድርጋ፣

"አባባ፣ ሁዳዴም ገባ። እንደ ድሮው ለዚህም ይቀዱለት እንጂ። እደጊ እያሉ አርሴማን ያሳደጓት አንቱ ነዎት" አለችኝ።

አርሴማን ያሳደጓት። አንገቴን ነቀነቅኩ። እሺ ያልኳት መሰላት።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አርሴማ ጣሳ ይዛ መጣች። ያው የድሮው ጣሳ ነው፤ ጆሮው ላይ የተጨረማመተው። "እማዬ ለማሙሽ ይቅዱለት ብላለች" አለችና ዘረጋችልኝ። ከበሩ ብረት አጠገብ ቆማለች። ራሷ ከብረቱ በታች ነው። ጣሳውን ተቀበልኩ፣ ያዝኩት፣ ባዶውን መለስኩላት። "እናትሽ ከሥራ ስትገባ እኔ ጋ ትምጣ በያት" አልኳት። ልጅቷ አልሄደችም። እግሯን እያፈራረቀች ቆመች።

"ምነው?" አልኳት።

"እደጊ አላሉኝም እኮ" አለች።

ዞሬ ወደ ቤት ገባሁ። ልጅቷን በሬ ላይ ትቼ ገባሁ።

ስለዚህ ነው ዛሬ የምጽፈው። ትግስት ከታክሲ ወርዳ በዚህ በር ትገባለች። በአፌ ነው የምነግራት። አፌን ግን አውቀዋለሁ፤ ግትር ነው፣ ወደ ራሱ ያደላል። ሻጋታውን ይናገርና ጨውን ይዘላል። ሃናን ይናገርና ዳለቻን ይዘላል። እንዳይዘል አስቀድሜ ጻፍኩት። አንዱን ቢያስቀር ይኸው እዚህ አለ።

ምን ትለኛለች? ልጇን ይዛ ሐኪም ቤት ትሮጣለች? ክፍሌን ለቃ ትሄዳለች? ሰፈሩን ሁሉ ታስነሳብኛለች? ሚስቴ ያመጣችው ልማድ ነው አልልም። ድህነት ነው አልልም። ሜዳውን የወሰደብኝ ሰው ነው አልልም፤ ሜዳውን የወሰደው ሰው ጨው አልነሰነሰም። እኔ ነኝ። አውቄ ሰጠሁ፤ የራሴን ጣሳ ለይቼ ሰጠሁ።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ወተቱን የጠጣችሁት እናንተ አይደላችሁም። አርሴማም ይቅር ልትለኝ አትችልም፤ ምን እንዳደረግኳት አታውቅም፣ እኔም ምን ያህል እንዳደረግኳት አላውቅም። እሷ የምትፈልገው አንዲት ቃል ነው። እናቷ ሁሉን ከሰማች በኋላ ከፈቀደችልኝ እላታለሁ። ካልፈቀደችልኝ ያቺን ቃል ለማንም ልጅ አልልም።

በሩ ተንኳኳ።